ላፕቶፕ በደረቀ ቁጥር «ፎርማት ይደረግ» ማለት መድኀኒት አይደለም

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሐሳቤ ለአንባብያን ይጠቅም ይሆናል ብዬ ስላመንሁ በደብዳቤዎች ዓምድ ላይ ቦታ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛውን ጊዜ የሚበላ፣ አንዳንድ ጊዜም የብዙ ዓመት ሰነድ ይዞ የሚጠፋ ችግር ስለ ሆነ በዝምታ ሊታለፍ አይገባውም። ይኸውም በሥራ መካከል ቀጥ ብሎ ስለሚደርቅና ድንገት ስለሚጠፋ ላፕቶፕ ነው።

ዛሬ በወረዳም ሆነ በክፍለ ከተማ፣ በትምህርት ቤትም ሆነ በጤና ጣቢያ፣ ደብዳቤው የሚጻፈው፣ የደመወዝ መክፈያው የሚዘጋጀው፣ የተማሪው ውጤት የሚደመረው በዚሁ መሣሪያ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛን ፊደል ለጽሕፈት መኪና ለማዋል ከደከሙበት ዘመን ጀምሮ የጽሕፈት ሥራችን ብዙ መንገድ ተጉዟል። ይሁን እንጂ የጽሕፈት መኪና ሲበላሽ ብልሽቱ ለዐይን ይታይ ነበር። ሪባኑ ሲደርቅ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ አንዱ ፊደል ሲጣመም መስመሩ ይወላገዳል፤ ተጽፎ ያለቀው ወረቀት ግን በእጅ ነው። ላፕቶፕ ሲበላሽ ግን በሽታውም የተጻፈውም ነገር በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለሚገኙ አንዱን እናድናለን ሲሉ ሌላውን መግደል ቀላል ነው።

ይህም በተደጋጋሚ የሚደርስ ነገር ነው። ላፕቶፑ ሁለት ሦስት ጊዜ ከደረቀ በጽሕፈት ቤቱ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ቃል «ፎርማት ይደረግ» ይላል። የተጠራውም ባለሙያ ፍላሹን ሰክቶ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ አዲስ ዊንዶውስ ጭኖ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። መሣሪያው ለሁለት ሳምንት ያህል ደኅና ይሠራና በሦስተኛው እንደ ቀድሞው ይደርቃል። ታማሚውን ምን እንደሚሰማው ሳይጠይቅ ለሁሉም ያንኑ ክኒን የሚሰጥ ሐኪም ቢኖር ማን ዝም ይለው ነበር? ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞችን የአገልግሎት ዘመን መረጃ የያዘ ላፕቶፕ እንዲህ ተደርጎ ባዶውን ቀረ። ጡረታ ለመውጣት የተቃረቡ አንድ አዛውንት የአገልግሎት ማስረጃቸውን እንደ ገና ለማሟላት ከወረዳ ወረዳ ሲመላለሱ በዐይኔ አይቻለሁ። ላፕቶፑም ኋላ ሲመረመር ሕመሙ ከዊንዶውስ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም፤ ማራገቢያው በአቧራ ተደፍኖ ነበር።

በመጀመሪያ ነገር «ደረቀ» የምንለው ሁሉ አንድ ዐይነት በሽታ አይደለም። የማውሱ ቀስት እየተንቀሳቀሰ አንዱ ፕሮግራም ብቻ አልመልስ ካለ፣ የታመመው ያ ፕሮግራም እንጂ ላፕቶፑ አይደለም። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድነት ተጭኖ ታስክ ማኔጀርን መክፈትና ያንኑ ፕሮግራም ለይቶ መዝጋት ይበቃል። ሁሉም ነገር እየተንፏቀቀ ለደቂቃዎች ቆሞ ተመልሶ የሚነሣ ከሆነ፣ በዚያው በታስክ ማኔጀር ላይ ዲስኩና ሜሞሪው ስንት ከመቶ እንደ ተያዙ ማየት ነው። ቀስቱም ጭምር ቀጥ ካለ የካፕስ ሎክን ቁልፍ መጫን ጥሩ መፈተኛ ነው፤ ትንሿ መብራት ከበራችና ከጠፋች ውስጡ ገና በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ጨርሶ ካልተንቀሳቀሰች ግን ነገሩ ወደ ዕቃው ወይም ዕቃውን ወደሚያዝዘው ድራይቨር ያመለክታል። ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ሶኬቱ እንደ ተነቀለ ሁሉ ጭልም የሚል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ወይም የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ሰማያዊ ገጽ አሳይቶ የሚነሣም አለ፤ ይህ ገጽ በቅርቡ በዊንዶውስ 11 ላይ ወደ ጥቁር ተለውጧል። በገጹ ግርጌ የሚጻፈውን የስሕተት ስም በስልክ ፎቶ ማንሣት ይገባል፤ ምክንያቱም ለባለሙያው ከማንኛውም ገለጻ ይልቅ ያ አንድ መስመር ይጠቅመዋል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የሬከርድ ክፍሉ ላፕቶፕ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር፣ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ማስረጃ በሚዘጋጅበት ወቅት፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መድረቅና መጥፋት ጀመረ። የክፍሉ ኀላፊ በዕድሜ ታላቄ ስለ ሆኑ እትዬ እላቸዋለሁ።

«መምህር፣ ይኸው ደግሞ ደረቀብኝ! ያን ልጅ እንጥራውና አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበት እንጂ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ልጁ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሳምንት ብቻ ይስጡኝ» አልኋቸው። «በደረቀ ቁጥር ሰዓቱን፣ ምን እየሠሩ እንደ ነበር፣ ቻርጀሩ ተሰክቶ እንደ ሆነና ግራ ጎኑ ለእጅ ይሞቅ እንደ ሆነ በዚህች ደብተር ይጻፉልኝ።»

«እኔ ለላፕቶፕ የሕመም ካርድ ላውጣለት ነዋ!» ብለው ሳቁ፤ ነገር ግን ጻፉ። እንዲያውም እኔ ከጠየቅሁት በላይ አስተካክለው ጻፉ።

ባደግሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህራችን አንድ ሕግ ነበራቸው። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር የለወጠ ተማሪ ሙከራው ቢሳካለትም እንኳ ማርክ አያገኝም ነበር፤ ከሁለቱ የትኛው እንዳሳካለት አያውቅምና። ላፕቶፕም የሚመረመረው በዚሁ ሕግ ነው። ባለሙያው በአንድ ቀን ዊንዶውስ ቀይሮ፣ ሜሞሪ ነቅሎ ሰክቶ፣ አቧራ ካራገፈ በኋላ ቢድን፣ ያዳነው ነገር አይታወቅም፤ ዳግመኛ ሲታመምም ሁሉንም እንደ ገና ማድረግና እንደ ገና መክፈል ይሆናል።

የእትዬ ደብተር በሳምንቱ ሁለት ነገር አሳየን። ድንገት መጥፋቱ የተመዘገበው ሁልጊዜ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ፣ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቱ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ ነበር፤ ግራ ጎኑም ሁልጊዜ «ይፋጃል» ተብሎ ተጽፏል። ጧት ጧት የሚደርሰው ግን መጥፋት ሳይሆን መንፏቀቅና መድረቅ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ጎኑ ቀዝቃዛ ነው። ስለዚህ በአንድ መሣሪያ ላይ ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ነበሩ ማለት ነው። ፎርማት ቢደረግ ኖሮ ከሁለቱ አንዱም አይድንም ነበር።

የከሰዓቱን በሽታ ምክንያት ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ላፕቶፑ የተቀመጠው በዳንቴል ላይ ነበር። ዳንቴሉን እትዬ በእጃቸው የሠሩት ስለ ነበረ ነገሩን በጥንቃቄ ማንሣት ነበረብኝ። ላፕቶፕ የሚተነፍሰው በሆዱ ነው፤ ቀዝቃዛውን አየር ከሥር በኩል ስቦ የሞቀውን በጎን ወይም በጀርባ ያወጣል። ዳንቴል፣ ፎጣ፣ ፍራሽ ወይም ጉልበት ላይ የተጣለ ጋቢ ያንን አፍንጫ ይደፍናል። የፕሮሰሰሩ ሙቀት ብዙ ጊዜ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ መሣሪያው ራሱን ለማዳን በመጀመሪያ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እኛም «ቀረረ» እንላለን፤ ይህም ካልበቃው ራሱን ያጠፋል። መጥፋቱ ራሱ መከላከያ እንጂ በሽታ አይደለም።

እዚህ ላይ የደጋ ሰዎች የሆንን ሁሉ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰው «አገራችን ብርድ ነው፣ መሣሪያ አይሞቅም» ይላል። ብርድ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን የሚያቀዘቅዘው ብርዱ ብቻ ሳይሆን በማራገቢያው በኩል የሚያልፈው የአየር መጠንም ጭምር ነው፤ አየሩም ከፍ ባልን ቁጥር ይሳሳል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ማራገቢያው በአንድ ዙር የሚገፋው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው አየር ጋር ሲመዛዘን ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ብቻ ነው። ለተማሪዎቼ ይህን የማስረዳው በንፍሮ ነው። በእኛ አገር ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከ2,800 ሜትር በላይ በሆነችው በደባርቅ ደግሞ በ90 ወይም በ91 ዲግሪ ይፈላል፤ ባቄላውም በዚያ መጠን ይዘገያል። አየሩ የሳሳበት አገር ለንፍሮም ለላፕቶፕም የራሱ ሕግ አለው።

ፋብሪካዎቹም ይህን ያውቁታል፤ ነገር ግን መመሪያውን የሚያነብ የለም። የበርካታ ቲንክፓድ ላፕቶፖች መመሪያ እስከ 2,438 ሜትር ድረስ የክፍሉ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ቢሆን ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ከፍ ሲል ግን የሚፈቀደውን ሙቀት ወደ 31.3 ዲግሪ ያወርደዋል፤ የመጨረሻው የሥራ ከፍታም 3,048 ሜትር ነው። እንግዲህ በዳባትና በደባርቅ ያሉ የመንግሥት ሠራተኞች የሚሠሩት በሁለተኛው ደረጃ ውስጥ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ፣ ኮርኒስ የሌለው ክፍል ውስጥ ያለው ሙቀት ውጭ ካለው እጅግ እንደሚበልጥ ሁላችንም እናውቃለን።

ዳንቴሉ ተነሥቶ ላፕቶፑ በሁለት ጣውላዎች ላይ ከፍ ብሎ ሲቀመጥና ከመስኮቱ ሲርቅ ድንገት መጥፋቱ ቀነሰ እንጂ አልቀረም። ቀጥሎም ባለሙያው ሆዱን ከፍቶ ማራገቢያውን አወጣ። በማራገቢያውና በመዳቡ ክንፍ መካከል የበጋው አቧራ ከጨርቅ ብናኝ ጋር ተጋግሮ ጥቅጥቅ ያለ ብርድ ልብስ መስሎ ነበር። በለስላሳ ብሩሽና በብሎወር ጠረገው። እዚህ ላይ ብሎወር ሲነፋ የማራገቢያውን ክንፍ በጣት ወይም በእንጨት መያዝ እንደሚያስፈልግ ማስታወስ እወዳለሁ፤ ያለ መጠን ሲሽከረከር ሊበላሽ ይችላልና። በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ማጣበቂያ መሰል ቅባትም ከዓመታት በኋላ እንደ ጭቃ ስለሚደርቅ አሮጌው ተጠርጎ አዲስ በጥቂቱ ተቀባ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በደብተሩ ላይ «ጠፋ» የሚል ቃል አልተጻፈም።

የጧቱ በሽታ ግን ከበድ ያለ ሆነ። ላፕቶፑ ሲደርቅ ጆሮን ጠጋ አድርጎ ለሰማ ሰው በውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ነበረ፤ በታስክ ማኔጀርም ላይ ማንም ምንም ሳይሠራበት ዲስኩ መቶ በመቶ ተይዞ ይታይ ነበር። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የዲስክን ጤንነት በቀለም ያሳያል፤ ሰማያዊ ደኅና ነው፣ ቢጫ ተጠንቀቅ፣ ቀይ አለቀ ማለት ነው። የእኛው ቢጫ ሆኖ ተገኘ።

አንባብያንን አጥብቄ የማሳስበው በዚህ ቦታ ላይ ነው። ዲስኩ ሲታመም የመጀመሪያው ሥራ መጠገን አይደለም፤ መገልበጥ ነው። ብዙ ሰው ስሙን እንደ ሰማ «ቼክ ዲስክ አሂድበት» ይላል። ቼክ ዲስክ ለጤነኛ ዲስክ ጥሩ ነገር ነው፤ ሊሞት በተቃረበ ዲስክ ላይ ግን ከዳር እስከ ዳር ማስነበብ ታማሚን ዳገት እንደ ማስወጣት ስለ ሆነ በመካከል ሊጨርሰው ይችላል። እኛም መጀመሪያ ሮስተሮቹን፣ ቀጥሎ ደብዳቤዎቹን፣ በመጨረሻም ፎቶግራፉንና የበዓሉን ቪዲዮ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጥን። ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። የ2009 ዓ.ም. የአንድ ክፍል ሮስተር ጨርሶ አልነበብም አለ። እግዚአብሔር ይመስገን የወረቀቱ መዝገብ በካቢኔ ውስጥ ስለ ተገኘ እትዬ ከአንዲት ጸሐፊ ጋር ተቀምጠው እንደ ገና ጻፉት። ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ በዚያ ክፍል የተማሩት ልጆች ለሥራም ለትምህርትም ማስረጃ ሲፈልጉ ምን ይባሉ ነበር?

ሃርድ ዲስክ እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማወቅ ይጠቅማል። በውስጡ እንደ ሸክላ የሚሽከረከር ሳሕን አለ፤ የሚያነበው ጭንቅላት ሳሕኑን አይነካውም፤ ሳሕኑ ሲሽከረከር በሚፈጠረው እጅግ ስስ የአየር ምንጣፍ ላይ ተንሳፎ ይሄዳል። አየሩ ከመጠን በላይ ሲሳሳ ምንጣፉም ይሳሳል፤ በዚህም ምክንያት የተለመዱት ሃርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ድረስ ተብሎ ተወስኗል። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለሥራ የሚወጡ ባልደረቦች ይህን ያስተውሉ፤ ሳንቃበርም ጨነቅም ከዚህ ከፍታ በላይ ናቸው። ተከፍቶ እየሠራ በመኪና ሲንገላታ ደግሞ አደጋው ይብሳል፤ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ላፕቶፕ ጉልበት ላይ ከፍቶ ሪፖርት እየጻፈ የወረደ ሰው አውቃለሁ፤ ሪፖርቱ ደባርቅ ላይ ተጀምሮ ዛሪማ ሳይደርስ አለቀ፤ ዲስኩም አብሮ አለቀ። ኤስ ኤስ ዲ የሚባለው አዲሱ ዲስክ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው ይህ ችግር የለበትም። በእኛም ላፕቶፕ ውስጥ አሮጌው ወጥቶ እርሱ ከገባ ወዲህ እትዬ ላፕቶፑን ከፍተው ቡና ሲያፈሉ መጠበቅ ቀርቶባቸዋል። ይሁን እንጂ ኤስ ኤስ ዲም ሟች ነው፤ እንዲያውም ቀጭ ቀጭ ሳይል ድንገት ስለሚሞት ቅጂ የመያዝን ግዴታ አያስቀርም።

ስለ ኤሌክትሪኩ ደግሞ አጠር አድርጌ ልናገር። ቻርጀሩ ሲሰካ ብቻ የሚደርቅ ወይም ማውሱ እንደ ጉንዳን የሚርመሰመስ ላፕቶፕ ካለ፣ ብረቱንም ሲነኩት እጅን የሚነዝር ከሆነ፣ ሶኬቱ የመሬት ሽቦ እንደሌለው መጠርጠር ነው። ይህም በአሮጌ ቤቶች ሁሉ የታወቀ ነው። በአንድ ዲቫይደር ላይ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን፣ የውኃ ማፍያውንና ላፕቶፑን አብሮ መሰካት፣ ማሽኑ በተነሣ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ መንቀጥቀጥ ያመጣል። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚያሰጋው መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው፤ ስለዚህ ሲሄድ ነቅሎ፣ ከመጣ ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ መልሶ መሰካት ምንም ወጪ የለውም። ቻርጀሩ ራሱ መታመሙን ለማወቅ ተመሳሳይ ቮልትና በቂ አምፔር ባለው በሌላ ቻርጀር ለአንድ ቀን መሞከር ይበቃል። ባትሪው ያበጠ፣ መዳፍ ማሳረፊያው ወይም ማውሱ ወደ ላይ የተነሣ ላፕቶፕ ግን ከቻርጀር ተነቅሎ ወዲያው ይጥፋ፤ ይህ የእሳት ጉዳይ ነውና ምርመራ አይጠበቅበትም።

የሶፍትዌሩ ነገር ባይካድም ሰው እንደሚያስበው የሁሉ ምክንያት አይደለም። ሁለት አንቲቫይረስ በአንድ ላፕቶፕ ላይ የጫነ ሰው ሁለት ዘበኛ ቀጥሮ እርስ በርስ ሲደባደቡ እንደሚያይ ሰው ነው። 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ ሃያ ገጽ ኢንተርኔት ከፍቶ፣ ኤክሴሉንና ዎርዱን ደርቦ «ደረቀብኝ» ማለትም ፍርድ አይደለም። መብራት እንደ ገባ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች በታስክ ማኔጀር ውስጥ ስታርትአፕ በሚለው ክፍል መቀነስ ቀላል ነው። ከየት እንደ መጣ በማይታወቅ ክራክ የተጫነ ዊንዶውስም አብሮት ምን እንዳስገባ የሚያውቀው ያዘጋጀው ሰው ብቻ ነው። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን ኩባንያው በነጻ የሚሰጠውን ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ አሮጌዎቹ ላፕቶፖቻችን ደግሞ ብዙዎቹ ዊንዶውስ 11ን ለመሸከም የሚጠየቀውን አያሟሉም። ይህ ከላይ ያሉት ባለ በጀቶች የሚያስቡበት ጉዳይ ነው።

በሽታው ከዕቃው ይሁን ከዊንዶውስ ለመለየት ግን እኔ እጅግ የምወደው ፈተና አለ። ሊኑክስ የሚባለውን ነጻ ሥርዐት በፍላሽ ላይ አዘጋጅቶ፣ ዲስኩን ምንም ሳይነኩ ላፕቶፑን ከፍላሹ ማስነሣት ነው። በዚያ ለሁለት ሰዓት ሠርቶበት ካልደረቀ ጥርጣሬው ወደ ዊንዶውሱ ወይም ወደ ዲስኩ ይዞራል፤ በዚያም ከደረቀ ዊንዶውስ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ከዚህም ሌላ ዊንዶውስ አልነሣ ባለ ጊዜ በዚሁ ፍላሽ ገብቶ ሰነድን መገልበጥ ይቻላል። በዊንዶውስ ውስጥም የራሱ የሕመም መዝገብ አለ፤ በመፈለጊያው ላይ ሪላያቢሊቲ የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል የጻፈ ሰው በየትኛው ቀን ምን እንደ ወደቀ በሰንጠረዥ ያገኛል። በኢቨንት ቪወር ውስጥ ከርነል ፓወር 41 የሚል ጽሑፍ ቢገኝ ላፕቶፑ በወጉ ሳይዘጋ ጠፍቶ መነሣቱን ብቻ ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም፤ ይህን እያዩ «ፓወሩ ነው የተበላሸው» ብለው ዕቃ የሚያስገዙ ስላሉ ነው የማነሣው።

ጥፋቱም ሁልጊዜ የተጠቃሚው አይደለም። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ሶፍትዌር ኩባንያ ያሰራጨው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ በዓለም ላይ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮችን በሰማያዊ ገጽ ላይ አቁሟቸው፣ አውሮፕላኖች ሳይነሡ፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ሥራ ሳይሠሩ ውለዋል። መድኀኒቱ ግን ፎርማት አልነበረም፤ ኮምፒዩተሩን በሴፍ ሞድ አስነሥቶ ያንን አንድ ፋይል ማጥፋት ነበር። እስቲ በዚያን ቀን ሁሉም «ፎርማት ይደረግ» ቢል ኖሮ የጠፋውን ሰነድ ማን ይቈጥረው ነበር?

አሁን ወደ መሥሪያ ቤቶቻችን ልመለስ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፣ ነገሩ ከእንግዲህ የጸሐፊዎች ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት የተማረበትን ትምህርት በሚመልስበት ሰዓት የሚደርቅ መሣሪያ እንደ ተራ ብልሽት ሊታይ አይችልም። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ አንድ ላፕቶፕ ከተገዛ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ አቧራው አይነሣም። ንብረት ክፍሉ «ማኅተሙ እንዳይነካ» ይላል፤ ግዥ ክፍሉ ለብሎወርና ለብሩሽ የሚሆን የበጀት ርእስ አጣሁለት ይላል፤ ላፕቶፑ በሞተ ጊዜ ግን አዲስ ለመግዛት ርእሱ አለ። በበኩሌ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን ከመጋቢት ሙቀት በፊት ሌላውንም ከክረምቱ በኋላ፣ ማጽዳት ቢደነገግ ከባድ ነገር አይመስለኝም። ደግሞም ማንኛውም የመንግሥት ላፕቶፕ ፎርማት ከመደረጉ በፊት ሰነዱ ወዴት እንደ ተገለበጠ ተጽፎ፣ የሚጠቀምበት ሠራተኛ ከፍቶ አይቶ ቢፈርምበት መልካም ነው። የቆዩ ደብዳቤዎች በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ከሆኑ፣ ፕሮግራሙና የፊደሉ ፋይል ጭምር ካልተያዘ ሰነዱ ተመልሶ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ሊሆን ስለሚችል ይህም ይታሰብበት።

እትዬ አሁን በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሳምንቱን ሥራ በሁለት ዲስክ ይገለብጣሉ፤ አንዱ በክፍሉ ካቢኔ፣ ሌላው በርእሰ መምህሩ ጽሕፈት ቤት ይቈለፋል። ዳንቴሉም አልተጣለም፤ ስልኩ ሥር ነው ያለው።

አንድ ያልተፈታ ጥያቄ ግን ቀርቶኛል። ስለ ኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አያያዝ በ2010 ዓ.ም. ደንብ መውጣቱ ይታወቃል። በእኛ መጋዘን ውስጥ ግን ያበጡ የላፕቶፕ ባትሪዎች ንብረት ስለ ሆኑ አይጣሉም፣ አደገኛ ስለ ሆኑም ማንም አይረከባቸውም፤ በካርቶን ሆነው ከአሮጌ መጻሕፍትና ከተሰበሩ ዴስኮች አጠገብ ተቀምጠዋል። በጎንደርና በአካባቢው የሚገኝ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እነዚህን ለማን፣ በምን ደብዳቤ ማስረከብ እንደሚገባው የሚመለከተው ክፍል በዚሁ ዓምድ ቢያስረዳን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር
ከቁስቋም፣ ጎንደር